አባዬ ይሙት በል

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሦስት ጊዜ ደወለች። ሦስቴም አላነሳሁም። ስልኩን ትራስ ሥር ከትቼ ላዩ ላይ ተቀምጫለሁ። ሲንቀጠቀጥ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል።

አባዬን ትናንት ቀበርነው።

ይህን ካልጻፍኩ ሌላውንም መጻፍ አልችልም፤ ለዚህ ነው ያስቀደምኩት። ቅዳሜ ጠዋት በአጋርፋ መንገድ፣ ስንዴ ማሳ መሃል፣ ኮምባይን ሲጠግን ራሱን ሳተ። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። በመኸር ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው እየሄድኩ ቁልፍ አቀብለዋለሁ። ጎባ ሆስፒታል ሳንደርስ መኪና ውስጥ አረፈ። ደም ግፊቱ ነው አሉ።

እህቴ ሮማን አታውቅም። ያለችው ሴኔጋል ነው። ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር በአንድ ጀልባ ለኢትዮጵያ ልትቀዝፍ ሄዳለች። ካያክ ይባላል፤ እንደ ዓሣ አጥንት የቀጠነ ጀልባ ነው። አራቱ ተከታትለው ይቀመጣሉ። ሮማን ፊተኛዋ ናት። ፊተኛዋ በምትመታው ልክ የኋለኞቹ ይመታሉ፤ እሷ ከተሳሳተች ሁሉም ይሳሳታሉ። አምስት መቶ ሜትር ነው፣ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ሮቤ ሐይቅ የላትም። ሮማን ይህን ነገር የለመደችው ሐዋሳ ለትምህርት ሄዳ ነው። የሰፈር ሰው እስካሁን አልገባውም። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ በቀለ አንድ ቀን አባዬን "የባሌ ልጅ ብትሮጥ ይገባኛል። ተቀምጦ ስፖርት ምን ማለት ነው?" አሉት። አባዬም "ጋሽ በቀለ፣ ያን ሁሉ ስንዴስ የምናጭደው ተቀምጠን አይደል?" አላቸው።

ዛሬ ያው ጋሽ በቀለ ሽማግሌዎቹን ድንኳኑ ጥግ ሰበሰቧቸው። አጎቴ ታደሰ ለአሰልጣኙ ደውሎ ነበርና የሰማውን ነገራቸው። ተጠባባቂ ቀዛፊ የለም። ሮማን ከወጣች ሦስቱም ሳይቀዝፉ ይመለሳሉ። ሐሙስ ማጣሪያ ነው፣ ቅዳሜ ፍጻሜ።

"ለነገሩ መርዶ በስልክ አይነገርም" አሉ ጋሽ በቀለ። "ሰው ሲረዳ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። ልጅቱ ትምጣ፣ ትረፍ፣ ጎህ ሲቀድ እኛው እንነግራታለን።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እስከዚያ የምታናግራት አንተ ነህ ብሩክ። የእናትህ ድምፅ አልቋል።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ግን ሌላ ነገር አለ። አምና አባዬ አንድ ሳምንት ሆስፒታል ሲተኛ ሮማን ፈተና ላይ ስለነበረች ደብቀናት ነበር። በኋላ ስትሰማ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለች። ከዚያ ጠራችኝና "ሌላው ሁሉ ይዋሸኝ። አንተ ግን አትዋሸኝ። ማል" አለችኝ።

"አባዬ ይሙት አልዋሽሽም" አልኳት።

ሁሌ የምንለው ነው። ኳስ ስንጫወት እንኳ "አባቴ ይሙት ገብቷል" እንላለን። ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከቅዳሜ ጀምሮ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

አንድ ነገር ልጨምር። አጎቴ ለለቀስተኛው ሁሉ "'ልጆቼን አደራ' ብሎ ነው ያረፈው" እያለ ይናገራል። ሰው ይሰማና ያለቅሳል። አባዬ እንደዚያ አላለም። ያለውን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። እዚህም አልጽፈውም። ዛሬ አልችልም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሰልስት። ግቢው ሰው በሰው ነው።

አጎቴ የምናገረውን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ቢሮ ስለሚሠራ ሁሉን ነገር ይጽፋል።

1. አባትሽ ጸበል ገብቷል።
2. እዚያ ኔትወርክ የለም።
3. እናትሽ ጉንፋን ይዟታል።
4. በርቺ፣ እንወድሻለን።

አባዬና ጸበል! በኅዳር፣ ኮምባይን ቆሞ! ጥርሱን ቢያመው እንኳ "መኸር ይለፍ" የሚል ሰው ነው። አጎቴ ወንድሙ ነው፤ ግን በዚህ ወረቀት የሚታለል ሰው ካለ አባዬን የማያውቅ ብቻ ነው። ይህን ልነግረው ፈልጌ ነበር። ዓይኑ ግን ቀልቷል፣ ተውኩት።

ጸጉሬን ተላጭቻለሁና ኮፍያ አደረግሁ። ከጓሮ፣ ከማገዶው ጀርባ፣ ነጭ ግድግዳ አስደግፈውኝ ደወልኩ። ሁለት ጎረምሶች ለቀስተኛውን በር ላይ ያዙልኝ፤ ጮኾ የሚገባ እንዳይኖር።

ፊቷ ከፀሐይ የተነሳ ጠቁሯል። አፍንጫዋ ተልጧል። "አንተ! ምን ሆነህ ነው የማታነሳው? ኮፍያው ምንድነው፣ ቅማል ገባብህ?" አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

አንደኛውን ነገርኳት።

"ጸበል? አባዬ? በኅዳር?"

"ደም ግፊቱ ትንሽ ተነስቶበት ነበር" አልኩ። ወረቀቱ ላይ ይህ የለም።

"ታሟል?"

"አይ፣ አሁንማ ድኗል።"

"የዳነ ሰው ለምን ጸበል ይገባል?"

በዚህ ጊዜ ከድንኳኑ በኩል አንድ ነገር ሲጢጥ ተሰማ። የሮማን ወንበር ናት። ክረምት እረፍት ስትመጣ ውሃ እንዳይናፍቃት አባዬ የሠራላት መለማመጃ ነው። ከወደቀ ኮምባይን ያወጣው ወንበር፣ የብስክሌት ጎማ፣ ሰንሰለት፣ ከፊት የሚሳብ ዱላ። እሷ ትስባለች፣ እሱ ጀሪካን እየደበደበ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር" ይላል። በኦሮምኛ ነው የሚቆጥረው፤ ሥራ ላይ ሁሌም እንደዚያ ነው። ሮማን ይህንኑ ቁጥር ሐዋሳ ወስዳ ጀልባው ውስጥ ያሉትን ሦስቱንም አስለመደቻቸው። ወንበሯ በሲሚንቶ ስለተተከለች ማንሳት አቃተንና ድንኳኑን በላይዋ ተከልነው። ለቀስተኛው ኮቱን ይሰቅልባታል። ዛሬ ደግሞ አንድ ሕፃን ጎማውን ያዞር ነበር።

"ወንበሬ ናት አይደል?" አለች ሮማን። "እንዴት ነው የምትጮኸው! አባዬ ዘይት አልቀባትም?" አባዬ በየእሁዱ ዘይት ይቀባታል። ማንም ባይቀመጥባትም።

"ረስቶ ይሆናል" አልኩ።

"እውነትህን ነው ብሩኬ? ደህና ነው?"

"እኔ ልሙት ደህና ነው!"

አየችኝ። እኔ ልሙት ብዬ አላውቅም። ኔትወርኩ ተቆራረጠና ዳንኩ።

ስዞር እማዬ ከኋላዬ ቆማለች። በጥፊ መታችኝ። መትታኝ አታውቅም። በዚያ በጠፋ ድምፅዋ "አንድ ሰው ከዚህ ቤት አልወጣም? አፍህን!" አለችና እዚያው ማገዶው ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኮፍያዬን አውልቃ የተላጨውን ጭንቅላቴን ደባበሰችው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ትምህርት ቤት ሄድኩ። እቤት ውስጥ ሁሉም ሰው እኔን እያየ "የአባቱ ቁርጥ" ይላል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጀማል ስልኩን በዴስክ ሥር ሰጠኝ። ጀማል ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የሚቀመጥ ጓደኛዬ ነው። ፌስቡክ ላይ የአባዬ ፎቶ። "ወንድሜ ግርማ፣ ረቢ ጀነታ ሃ ኬኑ፣ ጀነት ይስጥህ። ባሌ አንድ እጇን አጣች።" የለጠፈው ጋሽ ሁሴን ነው፤ ጎባ ያለው በያጅ፣ የአባዬ የድሮ የሥራ ባልደረባ። ሰው እየተቀባበለው ነበር።

ለጋሽ ሁሴን ደወልኩ፣ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ፣ ዝግ።

ቦርሳችንን ጥለን ወጣን። ሚኒባሱ እስኪሞላ አልንቀሳቀስም አለ። ጀማል ረዳቱን በኦሮምኛ ሲለምነው፣ ሲሰድበው፣ መልሶ ሲለምነው ቆየ። እስከ ጎባ ድረስ መንገዱን አላየሁም። የማየው ስልኬን ብቻ ነበር። በልቤ እሷ አሁን ከልምምድ ወጥታለች፣ አሁን እጇን ታጥባለች፣ አሁን ስልኳን አነሳች እላለሁ።

ጋሽ ሁሴን ጥቁር መነጽሩን አድርጎ የጋሪ ጎማ ይበይዳል። ሲያየኝ ብየዳውን ጥሎ አቀፈኝ። የነገርኩት ሲገባው መነጽሩን አወለቀ።

"ያ ረቢ! ልጅቱ አልተረዳችም? እኔ እኮ ክብር መስሎኝ ነው!" ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ቻርጅ ሰክተን እስኪነሳ ሦስታችንም ትንሿን ስክሪን ከበን ቆምን። ፌስቡክ የሚከፍትለት ልጁ ነው፤ የይለፍ ቃሉን አያውቀውም። ልጁን ከሻይ ቤት አስጠራልን። ልጁም ጽሑፉን አጠፋው። አንድ የሮቤ ልጅ ግን ቀድሞ ኮፒ አድርጎ ለጥፎታል። ጀማል በስልክ አገኘውና አስነሳው፤ ምን እንዳለው አልነገረኝም።

ማን ሊያጋልጠን ይችላል፦
የሐዋሳ ጓደኞቿ
አዲስ አበባ ያለችው አክስታችን (ስልክ ላይ ታለቅሳለች)
ፌስቡክ ያለው ሰው ሁሉ
እኔ

ስንመለስ ጀማልን ጠየቅሁት። በአባትህ ስም ማል ብትለኝ ምን ላድርግ?

አሰበና "የሞተ ሰው ሁለተኛ አይሞት። ማልላት፣ ምን ይጎዳል?" አለኝ። ትንሽ ሄደን ደግሞ "እኔ ግን አልችልም ነበር" አለ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11



ማጣሪያው በእኛ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ የምሳ ሰዓት። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ በጀማል ስልክ አየነው። ዘጠኝ ጀልባዎች። ሮማንን በትከሻዋ ለየኋት። ሲነሱ ከሁሉም ዘግይተው ነበር። ጀማል "ቶኮ! ለማ!" እያለ አጥሩን መደብደብ ጀመረ። መሃል ላይ መቅዘፊያዎቹ ሁሉ እኩል ውሃ ገቡ፣ እኩል ወጡ፤ አራት ሴቶች ሳይሆኑ አንድ ባለ ስምንት እጅ ነገር መሰሉ። ሁለተኛ ወጡ። ፍጻሜ ገቡ! ጀማል አንገቴን አንቆ አዘለለኝ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አፈርኩ።

ከዚያ ደወለች።

"አየኸን? ብሩኬ አየኸን? ሣራ ኋላዬ ሆና እያለቀሰች ነው የቀዘፈችው!" ሣራ ሁለተኛ የምትቀመጠው ናት። "ለአባዬ ንገርልኝ፣ እግርህን አንስተህ ጸበሉ ድረስ ሂድና ንገርልኝ!"

"እነግረዋለሁ" አልኩ።

ትምህርት ቤቱ ማዶ ያለው ስንዴ ዛሬ ይታጨድ ነበር። ኮምባይኑ ዞሮ ወደ እኛ መጣ።

"ኮምባይን ይሰማኛል" አለች ሮማን።

"አዎ፣ ማዶ ያጭዳሉ።"

"ኮምባይን ይሠራል፤ አባዬ ጸበል ነው።"

"አዎ።"

"ብሩክ።" ብሩክ ብላ ስትጠራኝ እፈራለሁ። "አባዬ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"አባዬ ይሙት በል።"

ጀማል ፊት ለፊቴ ቆሟል። በል በል እያለ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። አፌን ከፈትኩ። ሁለት ቃል ነው። ሺህ ጊዜ ያልኩት ነው። አልወጣ አለኝ። ሞተ እኮ፣ እንዴት ይሙት እላለሁ? ኮምባይኑ አለፈ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። የስልኩን ሰዓት አያለሁ፤ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣ አስራ ሦስት። የእሷ ትንፋሽ ይሰማኛል።

"እሺ" አለች። ድምፅዋ በጣም ቀጭን ነበር። "እሺ ብሩኬ።"

ተዘጋ። እሷ ትዝጋው ኔትወርኩ ይቁረጠው አላውቅም። መልሼ ደወልኩ። አይነሳም።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ምንም የለም። ከትናንት ጀምሮ ሰባት መልእክት ላክሁ። አንዱንም አላየችውም።

ምናልባት አልገባትም። ምናልባት ኔትወርክ ነው። ምናልባት አሁን ሻንጣዋን እየሸከፈች ነው። ምናልባት ብቻዋን ሆቴል ወለል ላይ ተቀምጣለች። ከጭንቅላቴ የማይወጣው ይህ የመጨረሻው ነው።

ዛሬ ሚካኤል ነው። አባዬ በወር አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ ሚካኤልን ነው። እማዬ ሄዳ መጣች። የትናንቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ ጀማልም ላይናገር ምሏል።

ከምሳ በኋላ አሰልጣኙ ለአጎቴ ደወለ። ሮማን ልምምድ ወጥታለች፣ ግን አንድ ቃል አትናገርም። ስልኳን ለእሱ ሰጥታዋለች። "ምን ነገራችኋት?" አለ።

አጎቴ ስልኩን ዘግቶ ግቢውን ዞረው። "ማነው? ማነው የነገራት?" ዓይኑ ሻይ የሚያድለው ጀማል ላይ አረፈ። "አንተ ነህ! የእናንተ ፌስቡክ ነው!" ጀማል የያዘውን ትሪ አስቀመጠ፣ አንገቱን ደፋ፣ አልመለሰም። እኔን እንዳያጋልጥ ነው። ያን ማየት አልቻልኩም።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን ብለህ ነገርካት?"

"ምንም አላልኩም።"

"እና እንዴት አወቀች?"

"ምንም ስላላልኩ። አባዬ ይሙት በል አለችኝ። አልቻልኩም።"

አጎቴ ሊመታኝ እጁን አነሳና ፊቱን ያዘበት። ጋሽ በቀለ ከዘራቸውን እያዩ "እኛም ልጁን ትችላለህ ወይ ብለን አልጠየቅነውም" አሉ። ለማን እንዳሉት አላውቅም።

እማዬ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው። "ስትረዳ ማን ያዛት?"



"ልጄ አባቷን ስትረዳ ማን ያዛት?" ደጋግማ ትጠይቃለች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሳምንቱ ዛሬ ነው። በዚህ ሰዓት ቁልፍ እያቀበልኩት ነበር።

ትቀዝፍ አትቀዝፍ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። አሰልጣኙ ስልክ አያነሳም። ጀማል የወንድሙን ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ፣ የዕድሩ ረጅም አግዳሚ ላይ አስቀመጥነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ስፖርት ማየት ነውር ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ጋሽ በቀለ ራሳቸው ወንበራቸውን ጎትተው ፊት ተቀመጡ። "የትኛዋ ናት?"

ስምንት ሰዓት። ጀልባዎቹ ወደ መነሻው ይሄዳሉ። የእኛ መስመር ሰባት ነው። መስመር አምስት መጣ። መስመር ስድስት መጣ። ሰባት ባዶ ነው። ሦስቱ ልጆች ታዩኝ፤ ስማቸውን እንጂ ፊታቸውን አላውቅም። ለሦስት ዓመት ለዚህ ቀን የቀዘፉ፣ አሁን በእኔ አፍ ምክንያት ዳር የቆሙ።

"ያቻትላችሁ" አለ ጀማል።

ዘግይተው መጡ። ሮማን ፊት ተቀምጣለች። ክንዷ ላይ ጥቁር ጨርቅ አለ። ካሜራው ሲያልፍባቸው አየሁ፤ የኋለኞቹም ሦስቱ ክንዳቸው ላይ ጥቁር አስረዋል።

አጎቴ "ኧረ ወንድሜን" ብሎ ወጣ። ወዲያው ተመለሰ።

ሲነሱ አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምፅ የለውም፣ ግን የምትለውን አውቃለሁ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር። መቶ ሜትር፣ ሁለት መቶ፣ አምስተኛ ናቸው። ሦስት መቶ፣ አራተኛ። እማዬ የነጠላዬን ጫፍ ጨብጣ ትስበኛለች። አንድ ሰው ከኋላ "ሳቢ ልጄ ሳቢ!" ይላል። ከዚያ ምስሉ ቆመ። መቅዘፊያዋ አየር ላይ እንዳለ ቀጥ አለ። ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል። ጋሽ በቀለ "ሰበርከው እንዴ?" ብለው ላፕቶፑን በከዘራቸው ሊነኩት ሆነ።

ሲመለስ አልቋል። ጀልባዎቹ ተበታትነው ቆመዋል። አራተኛ ወጥተዋል። "በአንድ! ከሜዳሊያ በአንድ!" አለ አጎቴ።

እማዬ ግን ቁጥሩን አላየችም። ካሜራው የእኛ ጀልባ ላይ ነበር። ሮማን መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ጎብጣለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛዋ፣ ሣራ፣ ወደፊት ተንጠራርታ ግንባሯን ጀርባዋ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ወገቧን ይዛታለች። ሦስተኛዋ ሣራን፣ አራተኛዋ ሦስተኛዋን። ጀልባው ይወላገዳል። ሊገለበጡ ይችሉ ነበር። አልለቀቁም።

"ያዟት" አለች እማዬ። "አያችሁ? ይዘዋታል።"

ከእሁድ ወዲህ ዛሬ ማታ ነው እንጀራ የቆረሰችው።


ሰኞ፣ ኅዳር 15

መጣች።

የአጎቴ ዕቅድ ከሮቤ አየር ማረፊያ ወደ እሱ ቤት ወስዷት፣ አሳድሯት፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ማምጣት ነበር። "ብታውቅም ወግ ወግ ነው" ይላል። ነጭ ሸሚዝ አስለበሰኝ። እሱም ነጭ ለበሰ።

ሮማን አረንጓዴውን የቡድን ቱታ ለብሳ፣ ከላይ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ከአውሮፕላን ወረደች። የአጎቴን ነጭ ሸሚዝ አየች፣ የእኔን አየች። መኪና ውስጥ "ወደ ቤታችን" አለች። አጎቴም ወደ ቤታችን ነዳ።

ግቢ ስትገባ ሰው ሁሉ ቆመ። ማንም እንዴት እንደሚጀምር አላወቀም። ለመጮህ ገና ነው፣ ላለመጮህ አለፈ። ሮማን ወደ ጋሽ በቀለ ሄዳ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

"ጋሼ፣ ያርዱኝ" አለች። "በአፍ የነገረኝ ሰው የለም። እርስዎ ይንገሩኝ።"

እኚያ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። "ልጄ... አባትሽ ግርማ... ከእግዚአብሔር ጋር ነው።"

ያን ጊዜ ጮኸች። ከሐሙስ ጀምሮ የያዘችውን ጩኸት ጮኸች። እማዬ ያዘቻት። ሴቶቹ እማዬን ያዙ።

እኔ ዳር ቆሜ ነበር። ወደ እኔ አልመጣችም። ቀኑን ሙሉ አላየችኝም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ጠዋት ስነሳ ድንኳኑ እየፈረሰ ነው። ዕድሩ ለሌላ ቤት ይፈልገዋል። ወንበሯ ብቻዋን ግቢው መሃል ቀረች። ሮማን ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ ከወንበሯ እግር ሥር ተቀምጣ የአባዬን የዘይት ጣሳ ይዛ ሰንሰለቷን ትቀባለች።

ሄጄ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"ሦስት ቀን ዋሽተኸኛል" አለች ቀና ሳትል።

"አዎ።"

"ጸበል።"

"አጎቴ ነው የጻፈው።"

"አውቄያለሁ። አባዬና ጸበል!" ጎማውን በጣቷ አዞረችው። አሁን አይጮኽም። "ዝም ስትል ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ሣራ በሩን ገፍታ ገባች፤ ለሦስቱም ነገርኳቸው። እንተወው አሉኝ፣ ሦስቱም። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ብትምልልኝ ኖሮ ግን... ብትምልልኝና እዚህ መጥቼ ብሰማ፣ ብሩኬ፣ አንተን ከማን ጋር እንደምቆጥርህ አላውቅም።"

አለቀስኩ። በእጅጌዋ አፍንጫዬን ጠረገችኝ፣ ዘይት ቀባችኝ።

"ከእንግዲህ በምን ልማልልሽ?"

"በምንም። ስጠይቅህ ንገረኝ፣ በቃ።" ጣሳውን አስቀመጠች። "አሁን ልጠይቅህ። አባዬ መጨረሻ ላይ ምን አለ? ልጆቼን አደራ ነው ያለው?"

አጎቴ አሥር ሜትር ራቅ ብሎ የድንኳን ገመድ ይፈታል። እማዬ በር ላይ ከሦስት ሴቶች ጋር ተቀምጣለች።

"አይደለም" አልኩ። "ኮምባይኑ ሥር ተኝቶ ነበር። አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ አለኝ። ሰጠሁት። አየውና 'ይሄ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ አንተ ደንባራ' አለኝ። እኔ ሳጥኑን ስፈልግ... ስዞር በቃ።"

አሥር ቀን ማንም ያልሰማው ይህ ነው። የመጨረሻ ቃሉ ስድብ ነው፣ ለእኔ። ሌላም አለ፤ ትክክለኛውን ቁልፍ ብሰጠው ኖሮ እያልኩ የማስበው። እሱንም ነገርኳት።

"ቁልፍ ሰው አይገድልም" አለች ሮማን። ከዚያ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልታለቅስ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"አሥራ ዘጠኝ!" አለች። "እስካሁን አሥራ ሰባትና አሥራ ዘጠኝ አትለይም?"

ሳቀች። አፏን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሯን ወንበሯ ላይ ደፍታ ሳቀች። እኔም ሳቅ ያዘኝ። በር ላይ ያሉት ሴቶች ዞረው አፈጠጡብን። አጎቴ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። በለቅሶ ቤት!

"ምን ሆኑ?" አለች አንደኛዋ ሴትዮ።

"ተያቸው" ስትል ሰማሁ እማዬን። "የአባታቸውን ነገር እያወሩ ነው።"